የዓርብ ሳሙና

ዓርብ ነው። ሙሐረቅ ገና ከእንቅልፏ አልነቃችም፤
ፀሐይ በጣሪያችን ላይ ክንዷን አልጣለችም።
ስድስቱ ቀን የሰው ነው፣ ሰባተኛው የእኛ፤
ትርሲትና እኔ ወጣን፣ ባልዲ ይዘን ሁለታችን ብቻ እኛ።

እናቴ ጋቢ የምታጥበው እንዶድ ወቅጣ ነበር፤
እኔ ሚዛን ይዤ ግራም እቆጥራለሁ በሰው አገር።

ሶዳው ነው ወደ ውሃ፣ ውሃው ወደ ሶዳ አይደለም፤
ሊጂ ያስተማረችን ሕግ ይኸው ነው፣ ሌላ የለም።
ያፏጫል፣ ይጨሳል፣ የጆጉ ዳር አይነካም፤
እሳት ሳይነድበት የፈላ ውሃ ለሰው አይራራም።
የወይራና የኮኮናት ዘይት አንድ ላይ ሞቆ፣
ሶዳው ተንቆረቆረበት፣ ትኩሳቱን ለቆ።
ማንኪያው መስመር ሲተው፣ እንደ አጥሚት ሲወፍር፣
ያኔ ነው ጨዋታው፣ ያኔ ነው የቀለም ነገር።

እርዱን ስጨምረው፣ ቢጫ የማውቀው እርድ፣
ደም መሰለ በድንገት፤ ትርሲት አለች «ወይ ጉድ!»
«አትደንግጪ» አልኳት፣ «ሶዳው ሲያስፈራራ ነው እንጂ፣
ሲውል ሲያድር ቢጫ ይሆናል፤ ብላኛለች ሊጂ።»
ፓፕሪካ ከሕንዱ ሱቅ፣ የማያቃጥል በርበሬ
(የእናቴን በርበሬማ ማን ደፍሮ ይታጠባል ዛሬ?)
የኮክ ልጣጭ መሰለ። ቆስጣም ፈጨን፣ ጨመርን።

ትርሲት ግን ቀይ ፈለገች፤ ቀይ እንጂ ሌላ አይሆንም፤
ለእህቷ ሠርግ ነው፣ ሙሽራ በቢጫ አትታጠብም።
ሦስት ቀይ ሥር ላጠች፣ ፈጨች፣ በጨርቅ ጨመቀች፤
ክንዷ እስከ ክርኗ ቀልቶ «ይኸው፣ ቀይ!» አለች።
ሊጡ ውስጥ ሲገባ ጽጌረዳ ነበር ለአንድ አፍታ፤
ከዚያ ጠየመ፣ ቡላ ሆነ፣ እንደ ከረመ ኩታ።
ማማሰያውን እንደያዘች ቆመች። ቃል አልወጣትም።
ስድስት መቶ ፊልስ የወጣበትን፣ እሱን እንኳ አላነሳችም።
እኔም ዝም ብዬ የወተት ካርቶን ውስጥ ገለበጥኩት፤
በአሮጌ ፎጣ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አስተኛሁት።

ስድስት ዓርብ ቆጥረን ለማዳም ሞዛ ወሰድኩላት፤
ከቢጫው፣ ከኮኩ መካከል ያ ቡላው ነው ያማራት።
«ፊት ያነጣል?» አለችኝ። «ያጸዳል» አልኳት።
«በምን ቀለማችሁት?» ስትል ምላሴ ቀደመኝ፤
«በቴምር» አልኩ። ውሸቱ ራሱ ጣፈጠኝ።
«አሥሩንም ለእህቶቼ» ብላ ቆጥራ ከፈለች፤
«በሚቀጥለው ደግሞ ሃያ» ብላ ጨመረች።

ሃያ የቴምር ሳሙና! ውሸት ዕዳ ሲሆን እንዲህ ነው፤
ዲብስ ገዛን፣ አንድ ጠርሙስ፣ እውነት ልናደርገው።
ስኳር ከሶዳ ጋር ጠብ እንዳለው ማን ነግሮን?
ተንተከተከ፣ ተነፋ፣ ከካርቶኑ ወጥቶ አሳደደን፤
በጣሪያው ላይ ፈሰሰ፣ ርግቦቹ በረሩ፣
የታችኛው ልብስ ሰፊ «ያ አላህ!» አለ ከበሩ።
ትርሲት ሳቀች። ከቀይ ሥሩ ወዲህ ያኔ ነው የሳቀችው፤
እንባዋ እስኪወርድ፣ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቀው።

ሃያውን በቀይ ሥር ሠራን።
ማዳም ሞዛ ቴምሩን ወደደችው።

ለሠርጉ በመጨረሻ የተመረጠው ቆስጣው ነው፤
መስኮት ዳር ከርሞ፣ ፀሐይ ፊቱን ጭድ አስመስላው።
«ደብዝዟል» አልኳት። መልስ የለም፤ ቢላ አነሳች፣
ዳር ዳሩን እንደ ድንች በስሱ ላጠች።
ከውስጡ አረንጓዴ ወጣ፣ ጠዋት የተቀጠፈ ጎመን፤
በሻሽ ጠቀለለችው፣ ለመንገደኛ ሰጠን።
ጭድ የመሰለውን ልጣጭ ግን ለቅማ በመዳፏ ያዘች፤
ማታ ውሃ ሲወርድ ይሰማኛል፤
በእሱ ትታጠባለች።