አንድ ሴት

«ለአንድ ሰው ነው?» አለኝ አስተናጋጁ ልጅ፤
«ለአንድ» አልኩት። ማዶዬ የነበረውን ሳህን አነሳው በአንድ እጅ፣
ቢላና ሹካውን በሌላው፤ ሲጋጩ፣ ሲንቃጨሉ
ከጎን ያሉት ጀርመኖች ቀና አሉ።
ዳቦዬን በቀስታ ማርማላታ ቀባሁ፤
ስንት ዓመት ሆነኝ፣ ሰዓት ሳላይ ቁርስ ከበላሁ!

አንኮና ላይ፣ ከወደቡ እስከ ሆስፒታሉ ዳገት፣
ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ስነዳ
የሰው ፊት የማውቀው በመስታወት፤
ግራው ቀኝ ሆኖ፣ ቀኙ ግራ።
ዘንድሮ ፈቃድ ወጣሁ። ጋራዡ በሙሉ
«ሮማ ከማን ጋር ነው?» አሉ።
«ከኳስ ጋር!» ብል ሳቁ፤ ሚርና ብቻ
ትኩሳት ይኖረኝ እንደሁ፣ ግንባሬን ዳበሰች
በመዳፏ ዳርቻ።

ግቢው ጥድ ነው፤ ጥዶቹ ጥላ እንደዘረጋ ሰው፤
የእብነበረድ ጎረምሶች፣ ራቁታቸውን፣ ሜዳውን ከበው
ቆመዋል። የእነሱ አንገት አይዞርም።
የኛ ነው እንጂ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣
በአንድ ክር እንደሚሳብ፤ ማንም ማንንም አያይም።
ለዚህ ነው የመጣሁት መሰለኝ፤
ሰው መሀል ሆኜ ሰው እንዳያየኝ።

ዝነኞቹ ወዲያ ናቸው፣ በትልቁ ሜዳ፤
የኔ ትኬት ርካሹ፤ አሥራ አንደኛው፣ ከሳንዱች መሸጫው ጓዳ
ጀርባ፤ የእንጨት አግዳሚ፣ ፀሐይ ያነደደው።
ከጎኔ ኦሬስተ፤ ድሮ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ የነበረ ሰው፤
ነጥቡን በእርሳስ ይመዘግባል።
«ሰሌዳው ላይ አለኮ» አልኩት።
«ሰሌዳ ይረሳል።»
መዳፌ ላይ ፒስታቾ አፈሰሰልኝ፣ ስሜን ሳይጠይቅ፤
በዚህ ወደድኩት።

ልጁ ዜኖ ነው፣ የኡዲኔ ልጅ፤ ሜዳው የተፈጨ ሸክላ፣
ካልሲው እስከ ቁርጭምጭሚቱ የቀላ።
«ከዓለም ሁለት መቶ አርባኛ» አለ ኦሬስተ፣ ለሟች እንደሚያዝን።
እኔ ግን አሰብኩ፤ ከዓለም ሾፌር ሁሉ
ሁለት መቶ አርባኛ ነሽ ቢሉኝ
አውቶቡሱ ግንባር ላይ ባስጻፍኩ!

አንዱን እሱ ወሰደ፣ አንዱን ባላጋራው፤
ነገሩ ሁሉ በአንዲት ሴት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።
አራት ለአምስት፤ ፀሐይዋ ከጥዱ በታች፤
ኳሷ መስመር ላይ አረፈች፣ ወይስ አለፈች?
ዳኛዋ ከማማዋ ወርዳ ፈለጓን ፈለገች፤
ጎንበስ ብላ፣ የጣቷን ጫፍ ወደ አፈሩ አስጠግታ፣
ቁስል እንደምታይ ነርስ።
ሁለት መቶ ሰው ለአንዲት ጭረት ትንፋሹን ዋጠ።
«ወጥታለች።»
ዜኖ ወደ መረቡ ሄዶ እጅ ሰጠ።
ራኬቶቹን አንድ በአንድ ከተተ፣ ፎጣውን አጠፈ፤
ጭብጨባው ሲሞቅ እሱ በሩን አለፈ።
ኦሬስተ የእርሳሱን ጫፍ በምላሱ አርሶ
ሽንፈቱን ጻፈ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ።

ወንዙን ይዤ በእግሬ ሄድኩ። ሰማዩ እንደ ሜዳው ቀልቶ ነበር፤
«እይው!» የምለው ሰው አልነበረኝም፤
ስለዚህ እስኪጠቁር ድረስ
እኔው አየሁት።

አውቶቡስ መጣ። ተሳፋሪ ሆንኩ፣ ከሾፌሩ ጀርባ፤
ፍሬን አያያዙን ታዘብኩ፤ ደህና ነው፤ ይቸኩላል እንጂ ኩርባ ለኩርባ።
ድልድዩ ጋ ገባ፤ ዜኖ፤ ቦርሳው ከሱ ገዝፎ፣
ካልሲው አሁንም ቀይ፣ ፒዛ በወረቀት አቅፎ።
«ይቅርታ፣ ባቡር ጣቢያው ስንት ፌርማታ ቀረው?»
ሃያ ሁለት ዓመት ለዚህ ጥያቄ መልስ የነበርኩ ሰው
«አላውቅም» አልኩት።
እንዲህ የጣፈጠኝ ቃል አላስታውስም።
አብረን በመስኮቱ ቆጠርን፤ አንድ፣ ሁለት፤ ሦስተኛው ላይ ተሳሳትን።

ኳሷን ልነግረው ነበር፤ ከኔ በኩል
መስመሩን ስትነካ እንዳየሁ፤
በእርግጥ፤ ወይም ደግሞ ፈልጌ ይሆናል።
ተውኩት። ፒዛውን ቆርሶ ሰጠኝ፤ ቀዝቅዟል፤ በላሁ።

ወረደ። ወንበሩ ላይ የቀረውን ቀይ አቧራ
ጎንበስ ብዬ በጣቴ ጫፍ ነካሁ፤
ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ፣
ቀኜን አድርጎ ግራ።