ዝገት

እኛ ሰፈር መሬት እግዜር አልፈጠረ፣
የእኛው ቆሻሻ ነው መሬት ሆኖ ያደረ፤
የኮኮናት ልጣጭ፣ የተላጠ ጎማ፣
የዓሣ አጥንት፣ ጓደኛው የጠፋ ነጠላ ጫማ፣
አያቶቼ ደፍተው፣ ደፍተው፣ ጠቅጥቀው፣
ከውቅያኖሱ ላይ ስንዝር በስንዝር ነጥቀው፣
በእንጨት እግር የቆመ ቤት ሠሩ።
ባሕሩ ሲሞላ ከወለላችን ሥር ያድራል፤
ሲጎድል ጭቃና ሸርጣን ትቶልን ይሄዳል።

ቡዌናቬንቱራ ይሏታል፣ ‹መልካም ዕድል› ማለት ነው፤
ስሙን ያወጣላት ሰው ከእኛ ቧንቧ ሳይቀምስ ነው።
ሰማዩ ዓመቱን ሙሉ ያለቅሳል፣
ቧንቧው ግን በቀን ሁለት ሰዓት ያስላል።
ባሻገር ወደቡ ሌሊቱን ቀን ያደርገዋል፤
የአገሩ ስንዴ፣ የአገሩ መኪና በእኛ ደጅ ያልፋል።
ያልፋል ነው ቃሉ።
አይወርድም።

የተወለድኩ ሌሊት መብራት የለም፤
ዶኛ ኤውፌምያ በኩራዝ፣ እናቴ ኒዲያ በሕመም።
እትብቴን ከቤቱ ሥር ቀበሩት፣ ውሃው እስኪጎድል ጠብቀው፣
ጭቃውን በተሰበረ ሰሃን ምሰው።
በማግስቱ ባሕሩ መጣ።
እንግዲህ ‹እትብትሽ የት ነው?› ለሚለኝ
‹ከመርከቦቹ ጋር ሄዷል› ከማለት በቀር ምን አለኝ?

በእኛ ዘንድ ልማድ አለ፤ ሕፃን እትብቱ ሲወድቅ
እምብርቱ ላይ ይነሰነሳል አንድ ነገር፣ እስኪልም ተፈጭቶ፤
ጉንዳን ለትጋት፣
የአውሬ ጥፍር ለድፍረት፣
ወርቅ ደግሞ፣ ‹አጣሁ› ለማይል ሕይወት።

እናቴ ወርቅ አለች።
አዋላጇ ሳቀች።

ቅድመ አያቶቻችን በሰንሰለት መጥተው፣
ከወንዝ ወንዝ ጎንበስ እንዳሉ ኖረው፣
በእንጨት ገበታ አሸዋ ሲያጥቡ፣ ሲያጠሩ፣
የማያውቁትን መቅደስ ጣሪያ በወርቅ ሲያበሩ፣
የእኔን እምብርት የምትሞላ
አንዲት ቅንጣት አላተረፉም ለኋላ።

ኤውፌምያ ኩራዟን ይዛ ወጣች።
ከመርከብ የወደቀ ብሎን፣ ክንድ የሚያህል፣ ከጭቃው አነሳች፤
በቢላዋ ፋቀችው፣ ዝገቱን በኮኮናት ዘይት ለወሰች፣
እምብርቴን ሞላችና
‹ወርቅማ ይሰረቃል፤
ይሄን ማን ይወስድባታል?› አለች።
ሐኪም ቢሰማ ‹መንጋጋ ቆልፍ!› ብሎ ይጮኻል፤
ሐኪሙ የት አለና? መንገዱ ሩቅ ነው ይላል።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ካሊ ወጣሁ፤
ፎርም ሰጡኝ፣ ስም፣ ትምህርት፣ የትውልድ ቦታ ሞላሁ።
ጸሐፊዋ አነበበች፣
የእስክሪብቶዋን ክዳን ቀስ ብላ ከደነች፣
‹የቆዳ ጉዳይ እንዳይመስልሽ› አለችኝ።
እኔ ስለ ቆዳ ምን አነሳሁ?

ከሰው ቤት ገባሁ።
እመቤቲቱ ‹የእኔ ጥቁሪት› ትለኛለች፣
በፍቅር ነው አሉኝ።
ፍቅሩ የራሱ ኩባያ ነበረው፣
ጆሮው የተሰበረ፣
ከሳሙናው ጎን ለብቻው የሚደፋ።
ሰባት ዓመት ጠጣሁበት።
ስወጣ በመሐረብ ጠቅልላ ጉትቻ ሰጠችኝ፣ ‹ወርቅ ነው› ብላ፤
አልለበስኩትም፣ አልሸጥኩትም፣ ቆጥቤ ያዝኩት ለኋላ።

አሁን ልጄ ተወለደች። ስም ገና አላወጣሁላት።
ኤውፌምያ ዓይኗ ፈዟል፣ በእጇ ዳስሳ ነው ያዋለደቻት።
ትናንት እትብቷ ወደቀ።
ሮጬ መሐረቡን ፈታሁ፣
‹ይኸው ወርቅ!› አልኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጮኬ አላውቅም።
አሮጊቷ ጉትቻውን በቀሩት ሁለት ጥርሶቿ ነከሰችው፣
ዝም አለች፣
በጣቷ ቀለሙን ላጠችው።

ብሎኑ አሁንም አለ፤ በራችንን ከነፋስ የሚይዘው እሱ ነው።
‹እና ምን ላድርግላት?› አለችኝ፣ ቢላዋው ጭኗ ላይ ነው።
ከወለሉ ሥር ባሕሩ መሙላት ጀምሯል፣
ከወደቡ የመርከብ ጥሩምባ ይሰማል፣
ልጄ አነጠሰች።
ብሎኑን አነሳሁት፣ በመዳፌ መዘንኩት፤
ከባድ ነው።
ገና እያሰብኩ ነው።