የሌሊቱ ዓምድ

ከባቲ ትምህርት ቤት ጓሮ፣ ከቁልቋሉ አጥር ሥር፣
ነጭ ሣጥን ቆማለች፤ አራት እግር፣ አንድ በር።
አባቴ ይመር እንድሪስ ቁልፏን ከነደብተሩ
ሲሰጠኝ፣ "ዒድም ቢሆን ቀን እንዳያልፍሽ" ነበር ነገሩ።
ይኸው ጧት ጧት፣ ሦስት ሰዓት፣
ከፍቼ አይቼ እጽፋለሁ፤ ገበያተኛው ይሳቅበት።

ሰኞ ግመል የሚነዳው ሙሄ ነው ቀድሞ የሚሞግተኝ፦
"ባቲ መቼ በርዶ ያውቃል? አዲስ አርገሽ አታውሪኝ!
አያቴም በዚችው ፀሐይ፣ በዚሁ መንገድ ነው የነዳ።"
ነድቷል፤ መች ካድሁ። ሙቀት ለባቲ አይደለም እንግዳ።

ጀማነሽ ደግሞ ከደሴ፣ ብርቱካኗን ሸጣ ተመልሳ፣
"ውርጭ ጥሎ አደረ" ትላለች፣ "ነጭ ለብሶ ነጋ ጦሳ፤
የታለ ሙቀትሽ?"

ምን እላታለሁ።
አንድ ቀን እንግዳ ነው፤ ይስቃል፣ ያኮርፋል፣ ያድራል፤
ሲነጋ ጫማውን አጥልቆ መንገዱን ይዞ ይሄዳል።
የቤቱን ጠባይ ግን፣ የቤቱን ነገር፣
ሠላሳ ዓመት በአንድ ጣራ አብሮ ያደረ ነው የሚናገር።

"ወንጀላችን ነው" ይላሉ ሽማግሎቹ፣ "ዱዓ ይበጃል።"
አሚን እላለሁ እኔም፤ ከአሚን በኋላ እጄ ይጽፋል።

ግንቦት ላይ አክስቴ ረህመት ሞተች።
ፀሐይ አልመታትም። ሦስት ቀን ከደጅ አልወጣች።
ለቀስተኛው ሁሉ ግራ ገባው፦
"ጥላ ውስጥ የተቀመጠን ሰው ሙቀት እንዴት አገኘው?"
ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ሌሊት ሲተፋው አድሮ ነው፤
መስኮቷ ለሌባ ተብሎ በምስማር የተመታ ነው።
ማታ ውኃ ጠጥታ፣ በእርሳሴ ስትቀልድ ነበር፤
ጎህ ሲቀድ ባንኳኳ፣ ባንኳኳ፣ የመለሰልኝ በር።

ከሰደቃው በኋላ ደብተሩን ገለጥሁት ከሥሩ።
የቀኑ ዓምድ ሙሄን ይመስላል፤ ብዙም አልራቀ ቁጥሩ።
የሌሊቱ ግን...
በአባቴ ጽሕፈት፣ ከኅዳጉ፣ ግንቦት ላይ እንዲህ ይላል፦
"ሌሊት ነፋስ ነበረ፤ ልጆቹ ብርድ ልብስ ደርበዋል።"
ከልጆቹ አንዷ እኔ ነኝ።
በእኔ ገጽ ብርድ ልብስ የለም። ቁጥር ብቻ፣ በየዓመቱ፤
እንደ ጉድጓድ ውኃ ቀስ ብሎ ሽቅብ መጥቷል የሌሊቱ።

ትናንት ሰኞ ሙሄ መጣ። ሣጥኗ ዘንድ ቆመ፣ ሳይስቅ።
"ሌሊቱ ስንት ነበረ?" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዝቅ።
ነገርሁት።
ገመዱን በእጁ ጠቅልሎ፣ ጥቂት ዝም ብሎ፣
"ግመሎቹም አልተኙም" አለኝ።