ስልሳ ላይ

ሃምሳ ላይ ሰላም ናት፣ ሃምሳ አምስትም ደህና፤
ስልሳ ላይ ይነሣል ወባዋ እንደገና።
ከወንበሬ ሥር ነው፤ ከመሪው አይደለም፤
በኋላ መስታወት ይርገበገባል ዓለም።
ሰማንያ ላይ ደግሞ ዝም ይላል ጠፍቶ፣
እንደ ሰፈር ድመት፣ ወተቱን ደፍቶ።

የጤና ቢሮ መኪና፤ ክትባት ነው ጭነቷ፤
ዴዶና ጌራ ላይ ይጠበቃል መምጣቷ።
በበረዶው ሣጥን ብልቃጥ ሲንጫጫ፣
ነርሷ ዘቢባ ታቀፈችው፣ ትታ መቀመጫ።

ጅማ መርካቶ ሄድኩ። «ጎማ ነው» አለ አንዱ፤
ባላንስ ተደረገ፤ ስልሳ ላይ ያው ጉዱ።
አጂፕ አቀናሁኝ። «ሱፖርት ነው» አለ ሌላው፤
ከፈልኩ፣ ተቀየረ። ብሩን ነው የበላው።
«መንገዱ ነው» አለኝ ሦስተኛው፣ ሲያዛጋ፤
«እሱን ቀይርልኝ» አልኩት፣ «ስንት ነው ዋጋ?»

ከአዌቱ ማዶ ነው ከሊፋ የሚሠራ፤
አይሰማም፤ ዞር አይልም ስሙ ቢጠራ።
በቡና መፈልፈያ ጆሮውን ገብሮ፣
በአጥንቱ መስማትን ተማረ ተቸግሮ።

«ይንቀጠቀጣል» ብዬ ጻፍኩ በወረቀት፤
«መቼ?» ሲል ጻፈልኝ፣ «ምኑ?» ሳይል በፊት።
«ቁልቁለት? ዳገት ላይ? ባዶ ናት? ተጭና?»
ለካስ ጥያቄው ነው ግማሹ ሕክምና።

በአጋሮ መንገድ ላይ ጎኔ ተቀመጠ፤
መዳፉን ወለሉ ላይ ዘርግቶ አደመጠ።
ስልሳ ላይ በዜሮ ለቀቅኳት፤ ሞተሩ ሲተኛ
ወባው ነቅቶ ቀረ። «ሞተር ነጻ» አለ፣ እንደ ዳኛ።
አራቱን ጎማዎች በሲባጎ ለካ፤
አራቱም ገፊ ናቸው፤ አንዱ ቢያጥር ሌላው ይነካ።
እኩል ናቸው፤ ተወ። ወደ ፎሳው ወርዶ
የኋላውን ካርዳን ፈታና አስወግዶ፣
«በፊት ጎማ ብቻ ሂድ» አለኝ በጣቱ ፈርዶ።

ሄድኩ። ስልሳ። ሰባ። ሰማንያም ደረስኩ፤
በኋላ መስታወት ያህያ ሽፋል ቆጠርኩ።

ስመለስ ካርዳኑን ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣
ክሮቸራውን ያያል፣ በአውራ ጣት ነክቶ።
ጤነኛ ነው፤ አልላላ፣ አልተበላም ውስጡ።
በናፍጣ ጨርቅ ሲያሸው ሁለት ጭረት ወጡ፦
አንዱ በቱቦው ላይ፣ አንዱ በሹካው ጫፍ፣
የፋብሪካ ጭረት፣ ሊገናኙ አፍ ለአፍ።
አልተገናኙም ግን። በሁለት ጥርስ ስተው
አብረው ይሽከረከራሉ፣ እንደ ተኳረፈ ሰው።

ከሊፋ ቀና አለ፤ ጻፈ፦ «ማን ገጠመው?»
እርሳሱን ተቀበልኩ፤ ቃሉ ግን ከበደው።

ሐምሌ፣ ዴዶ ዳገት፣ ጭቃ ላይ ተኝቼ፣
ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ፣ አብርቼ፣
ክሮቸራ ስለውጥ፣ ዘቢባ ከላይ
«በረዶው!» ስትለኝ፣ ገጠምኩ ጭረት ሳላይ።
አስፋልቱን ረገምኩ፣ ጎማ ሻጩን ረገምኩ፣
የሦስት መካኒክ እናት በሌሉበት ሰደብኩ።

«እኔ» ብዬ ጻፍኩኝ፤ ሁለት ፊደል ብቻ።
አንገቱን ነቀነቀ፣ ያለ ምንም ጥላቻ፤
ጭረቱን ከጭረት አምጥቶ አስማማ፤
መታው በመዶሻ፣ ድምፁን ሳይሰማ።

ጌራ መንገድ ላይ ነን። አፏን ከፍታ
ተኝታለች ዘቢባ፣ ሣጥኑን ትታ።
ስልሳ ላይ፣ አንድ እጄን ከወንበር ሥር እሰዳለሁ፤
ምንም የለም፤
ቢሆንም አዳምጣለሁ።