የዘለልኳት መስመር

ከኮምቦልቻ በጧት ሚኒባስ፣ ሐረጎን በጉም ወጥቼ፣
ደሴ ችሎት ገባሁ፣ ማንም ሳይጠራኝ መጥቼ፤
የኋላው አግዳሚ ላይ፣ መነጽሬን አውጥቼ
ተቀመጥኩ።

ይግባኝ ባዩ መኪዩ ነው፤ ቦርከና ዳር ወርክሾፕ አለው፣
ብረት ዚንክ የሚያለብስበት፣ ስንት ክረምት የማይዝገው።
«ፈጠራህ አዲስ አይደለም» ብሎ መሥሪያ ቤቱ መለሰው፤
ማስረጃው አንድ ጥራዝ ነው፣
ከቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ በሰባ ዘጠኝ የታተመ፣
ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣ የስቴንስል ቀለሙ የደከመ፤
«ምዕራፍ አራት፦ የብረት ልባስ» ይላል አናቱ።
የመምህር ይማም ሙሄ ነው ቃሉ።
የእኔ ነው ጣቱ።

የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ ጣቱን በምራቁ ነክሮ ያነባል፦
«ብረቱን በአሲድ እጠብ፤ በጨው ውኃ ንከር፤
ከጨው ያወጣኸውን ብረት በቀለጠ ዚንክ ድፈቅ።
ይህ ካልቀደመ፣ ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምን ቀድሟል ይባላል?»

የመኪዩ ጠበቃ፣ አንዲት ቀጭን ሴት፣ ተነሣች፤
«በጨውና በዚንኩ መሀል ምን ይደረጋል?» አለች፤
«ደንበኛዬ ሰባት ዓመት የነደደው እዚያች ላይ ነው፤
በየት ገጽ፣ በየት መስመር ነው ይህ ጥራዝ የነገረው?»
ዳኛው ገለጡ። መለሱ። ደግመው ገለጡ።
የለም።

እኔ ነኝ የዘለልኳት።
መብራት ጠፍቶ፣ በኩራዝ፣ ልጄን በጀርባዬ አዝዬ፣
ሁለት መስመር በአንድ ቃል ሲጀምር፣ «ከጨው ያወጣኸውን» ብዬ
ዐይኔ ከላይኛው ወርዶ ታችኛው ላይ አረፈ፤
አንድ ሙሉ መስመር፣ ሳልመታው አለፈ።
ይማም አይቶ ሳቀ፤ «ተይው፣ በቃል እነግራቸዋለሁ» አለ።
ነገራቸው።
የሰሙት ግን አንዱ አሰብ ወረደ፣ አንዱ ግንባር ቀረ፤
እሱም ከነቃሉ ተቀበረ።

መኪዩ ያኔ አልተወለደም።
እጁን አየሁት፣ አሲድ የላጠው፣ ልክ እንደ ይማም እጅ፤
ሌባ እንዲህ አይቃጠልም፤ ፈልጎ ያገኘ እንጂ።
ብነሣ የአንዱን ድካም፣ ዝም ብል የአንዱን ስም ልቀብር፤
«ለውሳኔ ለግንቦት ስምንት» አሉ፣ ሳልነሣ፣ ሳልናገር።

ስመለስ፣ ከሐረጎ በታች፣ የከተማው ጣራ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ፣
ጉልበቴ ላይ ጣቶቼ፣ ሳላዛቸው፣ ይመቱ ጀመር፦
«ከጨው ያወጣኸውን ብረት ከእሳቱ በላይ አንጠልጥለህ
እስኪያልበው ጠብቅ።»