ደረጃው ስንት ቀን ጣላት?

ባቱሚ ላይ ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም፣
የሬሳ ክፍሉ መብራት ይርገበገባል እንጂ ደህና አድርጎ አይበራም።
ማቅቫላ መነጽሯን በጋዋኗ ጠረገች፣
የጺሳናን ክንድ ወደ ብርሃን አደረገች።

«ደረጃ ነው» ብሏል ባሏ ጁምበር፣
«ማክሰኞ ማታ፤ ዝናብ ረጥቦ ነበር።
አንድ ጊዜ ወደቀች፣ አንድ ጊዜ ብቻ።»
ፈርሟል በሰማያዊ፣ ከወረቀቱ ዳርቻ።

ማቅቫላን እናቷ በዱር እንጆሪ ስም ጠርታት፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያው ቀለም ይጠብቃታል ጠዋት ጠዋት፤
ቀዩን፣ ሰማያዊውን፣ ወይን ጠጁን አታምንም፣
ቀለም ወሬኛ ነው፤ ያወራል እንጂ ቀን አይተምንም።
ቢጫው ብቻ በመጠኑ ቃሉን ያከብራል፣
ዐሥራ ስምንት ሰዓት እስኪሞላው ይሰወራል።
እሱንም ያረጀ ዐይን ይስተዋል።

«ባድሪ፣ ና ልጄ፣ እስቲ ዐይንህን አበድረኝ፤
ቢጫ ይታይሃል፣ ወይስ መብራቱ ነው የሚያታልለኝ?»
ልጁ ጎንበስ አለ። ዝም አለ።
«ይታየኛል» አለ።

ሦስት ቁራጭ ቆዳ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፤
የወጋ ቢረሳ፣
የተወጋ አይረሳም ይባል የለ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ
እውነት ነው ወይ?

ከክንዷ፦ ነጭ ሴሎች ገና እየደረሱ፣
እሪታ እንደ ሰማ ጎረቤት ከየቤቱ እየተነሱ።
የሰዓታት ነገር ነው። ይሁን፣ ማክሰኞ ይሁን።
ከሽንጧ ግን ሰማያዊ ነጥብ ሞልቷል፣
ደሟ ፈርሶ፣ ፈርሶ፣ ብረት ሆኖ ቀርቷል፤
ብረት በአንድ ሌሊት አይወለድም፣ ቀናት ይጠይቃል።
ከትከሻዋ ጠባሳ። ምናልባት የበጋ፤ ሰው ሁሉ ሲዋኝ ባሕር፣
እሷ ባለ እጅጌ ለብሳ፣ ጥላ ሥር።

ዳኛው ቸኮሉ፦ «ዶክተር፣ ሰዓቱ ስንት ነው?»
«አላውቅም፤ ቆዳ ደወል የለውም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው።»
ጠበቃው ፈገግ አለ፤ ጁምበር ተነፈሰ፤
መዝገቡን ሊዘጋ የሄደ እጇ ተመለሰ።

«ሰዓቱን አላውቅም፤ መቁጠር ግን አልረሳሁም።
ማክሰኞን የሚያውቀው አንዱ ነው፤ ሌሎቹ አያውቁትም።
እንግዲህ የቤቱ ጌታ ይንገሩን፣ ደረጃው የሳቸው ነው፤
ስንት ቀን ነው የጣላት? በየስንት ቀኑ ነው?»

ስትወጣ የፍርድ ቤቱ ደረጃ ርሶ ያብለጨልጫል።
ዘጠኝ ነው። እየቆጠረች ወረደች፣
የብረቱን ድጋፍ ሳትይዝ፣ በአሮጌ ጫማ።
አንዱም አልገፋት።