ሦስት እግር

ሊየፓያ ላይ ነፋስ እንግዳ አይደለም፤
አንኳኩቶ ሲገባ ያየው ሰው የለም።
ያን ዕለት ግን በሩን ያንኳኳው ሰው ነበር፦
ኢልግቫርስ፣ ከላይ ፎቅ፣ በትከሻው ጊታር፣
በእጁ የዓሣ ቆርቆሮ፣ በጨርቅ የታሰረ፣
እንደታመመ ጫጩት እቅፍ ውስጥ ያደረ።

«ቪዝማ፣» አለ፣ «ዝም አለ።» ሌላ ነገር አላለም።
ለሷ ይህ በቂ ነው፤ ብዙ ወሬ አትወድም።
ቀን ቀን የወደቡን ክሬን ነው የምትጠግን፣
ማታ የጎረቤት ሬዲዮን፣ ምድጃን።

ከፈተችው።
          ውስጡ የወፍ ጎጆ መሰላት፦
ሽቦ በሽቦ ላይ፣ ብየዳ በብየዳ፣
ከሲጋራ ካርቶን የተቆረጠ ሰሌዳ፣
የባትሪው አፍ ዝጎ አረንጓዴ ጨው የተፋበት፤
ከአሮጌ ሬዲዮ ሆድ የተነቀሉ ሁለት
ትራንዚስተሮች፣ ኮፍያ የደፉ፣ የብረት፣
በሦስት ቀጫጭን እግር ቆመው፣ ሳይጣመሙ
ሃምሳ ዓመት በጫማ ሲረገጡ የከረሙ።

«ማን ነው የሠራው?»
          «እኔና ዚግፍሪድስ፣ በሰባ አራት፣ በበረዶው ወራት።
መደብር አይሸጠው፤ ቢሸጥስ በምን አቅም?
እሱ ሲበይድ እኔ ባትሪ አበራሁለት።
ኋላ መርከበኛ ሆነ። አልተመለሰም።»

ቪዝማ አዲስ ሰሌዳ ከመሳቢያ አወጣች፣
የመዳቡን መንገድ ሣለች፣ በአሲድ አጠበች።
ሦስት ሌሊት።
የሬዚስተሩን ቀለበት በመነጽር እያነበበች፣
ያበጠውን ኮንደንሰር በአዲስ እየለወጠች፤
ጠብታው ቀልጦ ሲያበራ እፍ ማለት አትደፍርም፣
የተቸኮለ ብየዳ ውሎ አያድርም።

የመጀመሪያው ትራንዚስተር እግሮቹ ቦታቸው ገቡ።
ሁለተኛው ጋ ስትደርስ
          ቅንድቦቿ ተሰበሰቡ፦
በአሮጌው ካርቶን ላይ ጀርባው ፊቱን ይዟል፣
አመንጪው በሰብሳቢ፣ ሰብሳቢው በአመንጪ ቦታ ቆሟል።
«ወይ ዚግፍሪድስ!» አለች ለማታውቀው ሰው፣ በፈገግታ፣
እንደ ተማሪ ደብተር አረመችው በዚያች ማታ።

ቅዳሜ። ኢልግቫርስ ሰካ። ረገጠ።
          ድምፁ ወጣ፣
ወፍራም፣ የጠራ፣ ጉርምርምታ የሌለው፣ አንዳች ያላጣ።
ሽማግሌው ሁለቴ መታ። ሦስተኛው ላይ እጁ ቆመ።
«ጥሩ ነው፣» አለ።
          «ጥሩ» የሚለው ቃል አፉ ውስጥ ታመመ።

«ምን ጎደለ?»
          «ምንም። እሱ ነው ችግሩ።
የኛው ያስላል። ሊያበቃ ሲል ያጣጥራል ክሩ፣
ይቆረጣል፣ ይመለሳል፣ ይንተባተባል፣ ልክ እንደ…»
ቃሉን አልጨረሰም፤ ዐይኑ ወደ መስኮቱ ሄደ።
ከቦዩ ማዶ የጭነት መርከብ ጡሩንባ ነፋ፤
የቪዝማ ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ።

ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤
ተረቱን የተረተው ሰው ይሄን ጉልቻ መች አይቷል?
ባለ ሦስት እግር፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል፣
ዞሮ የተጣደ ጊዜ ነው ወጡ የሚበስል።

መበየጃውን አጋለች። ጭሱ እንደገና ተነሣ።
የገዛ ጥሩ ሥራዋን፣ ያለ አንዳች ወቀሳ፣
ነቀለች። እግሮቹን አጠላልፋ፣ እንዳይነካኩ
ቢጫ ቱቦ አልብሳ፣ ሰካች መልሳ።
ከዚያ ሁሉ ቀጥ ያለ መስመር መሀል
አንድ እግር በሌላው ላይ ተሻግሮ ይታያል፣
ሰካራም እንደሚራመድ።

«ጠጥታችሁ ነበር?»
          «እሱ አይጠጣም ነበር። መብራቱን
የያዝኩት ግን እኔ ነኝ። ብርድ ነው። እጄ ላይ ጓንት
አልነበረም።»
          ጸጥ አለ።
          «ይንቀጠቀጥ ነበር…»
ቀጥሎ ሊል ያሰበውን
በእግሩ ረገጠው።

ቆርቆሮው አሳለ፣ አጣጠረ፣
ተቆረጠ፣ ተንተባተበ፣ እንደገና ጀመረ።
ከሥር ያለው ጎረቤት የማሞቂያውን ቧንቧ
ሦስት ጊዜ ደበደበ፣ በማንኪያ ይሁን በመዶሻ።
ኢልግቫርስ አልሰማም። ወይም ሰምቶ ነው፣
ጎንበስ ብሎ ቁልፏን ወደ ቀኝ አዞረ፤
          ድምፅ ጨመረ።